ጅቦቹ የማን ናቸው

«እጁን ከማውሱ ላይ ያላቀቁት በዘይት ነው አሉ።»

ወይዘሮ ወርቅውሃ ይህን ሲሉ ሦስተኛቸው ነው፤ ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ለመጀመሪያዎቹ ለቅሶ ደራሾች «ጣቶቹ ደርቀው ነበር አሉ» ብለው ጀመሩ። ለሁለተኞቹ ሙቅ ውሃ ጨመሩበት። አሁን ከወደራ ለመጡት ዘመዶች ዘይት ሆነ። ማን እንደነገራቸው አይናገሩም። የነገራቸው ያው «አሉ» የሚባለው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ነገሌ ውስጥ የማይገባበት ቤት የለም።

«ጌም ነው የገደለው። ያውም ተኩስ ያለበት ጌም። በዚያ ደካማ ልቡ!»

ሚልኪ ከድንኳኑ ጥግ፣ የዕድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ወንድሟን ያገኘችው እሷ ናት። ትናንት ሐሙስ ጠዋት፣ እስራኤል አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ አንድ እግሩ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ፣ እጁ ትራሱ ሥር ነበር። ይህን ለመናገር አፏን መክፈት ብቻ ይበቃት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘይቱ የምግብ ይሁን የሞተር ወይዘሮ ወርቅውሃን ትጠይቃቸው ነበር። ዛሬ ግን አፏ ከሌላ ሰው የተዋሰችው ይመስል ተዘግቷል። አንዲት ሴት መጥታ ታቅፋታለች፣ ታለቅስባታለች፣ ትሄዳለች። ሌላዋ ትመጣለች። ሚልኪ ትከሻዋ ላይ የቀረውን የሰው እንባ ታያለች እንጂ የራሷ አልመጣም።

የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ልቡ ከልጅነቱ ታማሚ ነበር፤ በየወሩ መርፌ ይወጋ ነበር፤ ሐኪሙም ከዓመታት በፊት ለአባታቸው በግልጽ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ለቤተሰቡ ድንገተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሚልኪ ግን አትልም።

ሬሳው ሳይወጣ የዕድሩ ወንዶች እንደ ደንቡ ቤቱን ባዶ አድርገውት ነበር። ሐዘንተኛ መሬት እንዲቀመጥ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ቦታ እንዲበቃ፣ አልጋው ወጣ፣ ቁምሳጥኑ ወጣ፣ ቴሌቪዥኑ ወጣ። ኮምፒውተሩም ወጣ። አንዱ ሰውዬ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ ክንዱ ላይ ጠመጠመው። ማሽኑ በርቶ እንደነበር አላስተዋለም፤ ቢያስተውልም በሐዘን ቤት ስክሪን አይበራም። ሁሉም ከሦስት ቤት ወዲያ ያለው የዕድሩ ዕቃ ቤት፣ ከትልልቆቹ ድስቶች ጋር ተቆልፎበታል።

ሚልኪ ከዚያ ማሽን አንድ ነገር ብቻ ትፈልጋለች። ወንድሟ ስሟን አውቆ ፍቆት እንደሆነ ማየት።

ጌሙ ከሁለቱም ዕድሜ ይበልጣል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የተኩስ ጌም ነው፤ ሰውየው አይታይም፣ ጠመንጃው ብቻ ከስክሪኑ ግርጌ ብቅ ብሎ በጠባብ መተላለፊያ ይሮጣል። የሠሩት ሰዎች ከብዙ ጊዜ በፊት ውስጡን ለሁሉም ክፍት አድርገውታል፤ ስለዚህ በየአገሩ ያለ ሱሰኛ ይፈታታዋል፣ አዲስ ካርታ ይስልለታል፣ ጭራቆቹን ይቀይራል። እስራኤል ያገኘው ሚልኪ ከምትሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት በተጣለ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ማሽኑ አዲስ ጌም ከሰጡት ይግልና ይጠፋል፤ ይሄኛውን ግን ያለ ችግር ይከፍተዋል።

«ይሄ ጌም ለነገሌ የተሠራ ነው» አላት አንድ ቀን፣ የካርታ መሳያውን ከፍቶ።

«እንዴት?»

«ፎቅ አይችልም። ክፍል በክፍል ላይ መደረብ አያውቅም። ሁሉም ነገር መሬት ላይ ነው።»

«ነገሌ ፎቅ አለ እኮ።»

«እሱንስ ለባለ ሆቴሎቹ እንተውላቸው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ነገሌን ሠሩ። እሱ ይስላል፤ የገበያውን ቆርቆሮ፣ የባጃጅ ተራውን፣ ሰኞ ሰኞ ፍየል የሚታሰርበትን አጥር። የወታደር ካምፑን ግን አባታቸው ከለከሉ። ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ሃያ ዓመት ስላገለገሉበት አጥር «እሱ ለጨዋታ አይሆንም» አሉ፤ አበቃ። እስራኤልም አልተከራከረም። በካምፑ ቦታ ላይ ትልቅ ሐይቅ አደረገበት። «ነገሌ ውሃ ጠምቷታል፤ ትጠጣ» አለ።

ኮዱ የሚልኪ ነበር። ሚልኪ የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ካላለፉት አንዷ ናት። ይህን ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች፤ ሰው ሊያዝንላት ከመቸኮሉ በፊት። ባለ ዲግሪው የቢሮ ሠራተኛ «ይቺን ሠንጠረዥ አስተካክይልኝ» ብሎ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲመጣ ታስተካክልለታለች፤ አስተያየቷን ግን በነጻ ነው የምትጨምርለት። ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው ስልኳ ላይ ካወረደቻቸው ጽሑፎች ነው፤ እንግሊዝኛውንም ኮዱንም አንድ ላይ እያኘከች።

በጭራቆቹ ቦታ ጅብ አስገባች። ይህ ጌም የአንድን እንስሳ ከስምንት አቅጣጫ የተነሳ ፎቶ ይፈልጋል። ጅብ ደግሞ ለፎቶ ስለማይቆም የሰፈር ውሻ ተፈለገ። ዶዮ የሚባለው የእስራኤል ጓደኛ ባጃጁን አቁሞ፣ አጥንት ይዞ፣ ውሻውን በትንሽ በትንሹ ሲያዞረው፣ ውሻው አምስተኛው ላይ ሰለቸውና አጥንቱን ነጥቆ ሄደ። እስራኤል ከሳቁ ብዛት ትንፋሽ አጥሮት አጥር ይዞ ቆመ። ሚልኪ የቀሩትን ሦስቱን አቅጣጫዎች በእጇ ሳለች፤ ጀርባውን አጎበጠችው፤ ነጠብጣብ ቀባችበት።

ከዚያ አእምሮ ሰጠችው። የጌሙ የድሮ ጭራቆች ሰው ሲያዩ ቀጥ ብለው ይመጣሉ። የእሷ ጅቦች ይጠብቃሉ። ሰውየው ጥይት ሲያጎርስ ይጠጋሉ፣ ሲዞርባቸው ይቆማሉ፣ ጥጉን ሲይዝ ይከቡታል። ጅቡ ሰው ሲያይ የሚያሰማውን ድምፅ ደግሞ ከአጥር ኋላ ተደብቃ ቀዳች፤ ወይዘሮ ወርቅውሃ ዶሮዎቻቸውን የነካባቸውን ሰው «ማነህ አንተ! ማነህ!» ሲሉ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ እስራኤልና ዶዮ ፋይሉን በፍላሽ ይዘው ዋይፋይ ወዳለው ሆቴል ሄዱ። በዓለም ላይ ያሉት የዚህ ጌም ሰዎች የሚሰበሰቡበት ገጽ ላይ ተጫነ። በሁለተኛው ቀን ሚልኪ በስልኳ ከፈተችው። «የሠራው፦ እስራኤል ወልደገብርኤል።» ሌላ ስም የለም። ከሥሩ ከፊንላንድ የመጣ አስተያየት አለ፦ «እስራኤል፣ በዚህ ጌም ውስጥ እንዲህ የሚያስቡ ጭራቆች አይቼ አላውቅም። እንዴት አደረግከው?» ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉም «እንዴት አደረግከው» ነው።

ሚልኪ ምንም ወረቀት የላትም። ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ነገር አለው፤ እሷ የምትሰቅለው ያ ገጽ ነበር።

አልጠየቀችውም። ይህ ጠባይዋ ነው፤ ሰረቀኝ ያለችውን ሰው «መልስ» አትለውም፤ ራሱ አፍሮ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ጌሙንም አውርዳ አላየችውም። የገዛ ጅቦቿን በገዛ የስልክ ካርዷ!

አስራ ዘጠኝ ቀን ጠበቀች።

«ወርቅውሃ፣ እውነትሽን ነው?» አለች እናቷ፣ ሰንበቴ፣ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ። ድምፅዋ አልቋል። «ያ ዕቃ ነው ልጄን የበላው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ፤ አሉ ነው የምልሽ።»

«ያ ኢልማ ኪያ! ልጄን!» ብላ እናቷ ልጇን በአማርኛም በኦሮምኛም መጥራት ጀመረች። የወደራዎቹ አብረዋት አለቀሱ። ሲበርድላት የዕድሩን ዳኛ ኦቦ አረሮን አስጠራች። «ኦቦ አረሮ፣ ያንን ዕቃ ቤቴ እንዳትመልሱብኝ። ዐይኔ እንዳያየው።»

ኦቦ አረሮ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው አሰቡ። «ነገ ሰልስት ነው፤ ድንኳኑም ይነቀላል። የወደራ ዘመዶች ከቀትር በኋላ ሲሳፈሩ ይዘውት ይሂዱ። ልጆች ይጽፉበታል። ናጋ፣ ሰላም ይሆናል።»

ሚልኪ የዛሬ የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረች። «ኦቦ አረሮ፣ ለትንሽ ቀን ያቆዩልኝ።»

«ለምን ልጄ?»

መልስ ነበራት። ግን «ወንድሜ ሌባ መሆን አለመሆኑን ላይበት» ብላ በወንድሟ ለቅሶ ላይ እንዴት ትናገር? «እንዲሁ» አለች።

«በሐዘን ቤት ጌም አይሆንም፣ ሚልኪ» አሉ በለዘበ ድምፅ፣ እና ሄዱ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ወደ አንዷ ጆሮ ጠጋ ብለው «እሷንም ይዟታል አሉ» ሲሉ ተሰማ።

አባቷ ከወንዶቹ መሐል ነበሩ። ሁሉንም ሰምተዋል። ቀና አላሉም።

እነዚያ አስራ ዘጠኝ ቀናት እንደ ማንኛውም ቀን ነበሩ። ራቱን ታቀርብለታለች። የመድኃኒቱን ሰዓት ሲረሳ ክኒኑን ከብርጭቆ ውሃ ጋር ፊቱ ላይ ታስቀምጣለች። ቃል ብቻ አትሰጠውም። መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለው። በሳምንቱ ከኮምፒውተሩ ፊት ዞሮ ተቀመጠና፣

«ሚልኪ፣ ምን አደረግኩሽ?» አላት።

«ራስህን ጠይቅ።»

«ጠየቅኩት። እሱም አያውቅም።»

ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ጉንጯን ከውስጥ ነክሳ ወጣች። በሚቀጥለው ቀን የምትወደውን የፍየል ጥብስ ይዞላት መጣ፤ ዶዮ ነበር በባጃጁ ያደረሰው። ለእናቷ ሰጠችው። ሌላ ቀን ደግሞ «ጅቦቹን ሰዎቹ ወደዋቸዋል አሉ» አላት፤ እሷ ይህን ሲያፌዝባት ነው ብላ በሩን ዘጋችበት። ሰው የሰረቀውን ነገር ለባለቤቱ ያሞግሳል?

ረቡዕ ማታ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። አልመለሰችም። ይህን አሁን ስታስበው ምንም አይሰማትም። ምንም አለመሰማቱ ግን ይሰማታል፤ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር።

ቅዳሜ ሰልስት ሆነ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ንፍሮ ቀምሶ፣ ሴቶቹ ብርጭቆ ማጠብ ሲጀምሩ፣ ሚልኪ የታጠበውን ብርጭቆ በሳጥን ተሸክማ «ዕቃ ቤት ላስገባው» አለች። ቁልፉን ሰጧት። ሐዘንተኛ ሥራ አይሠራም የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ሳጥኑ ከባድ ስለነበር ግን የገፋበት የለም።

ኮምፒውተሩ በድስቶቹ መሐል፣ አንሶላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከአምፖሉ በተጠለፈው ሶኬት ሰካችው። ማሽኑ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ አሁንም ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠየቃት። አለፈችው።

ጌሙ የሠሪዎቹን ስም የሚያሳየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ካርታውን ጨርሶ ከከተማው ለወጣ ሰው ብቻ። ያንን የመጨረሻ ገጽ እስራኤል ብቻውን ነበር የሠራው። «ስትጨርሺ ታይዋለሽ» ብሏት ነበር። ስለዚህ ሚልኪ የተገለበጠ ድስት ላይ ተቀምጣ መጫወት ጀመረች።

የባጃጅ ተራውን አለፈች። ገበያው ባዶ ነው፤ ቆርቆሮው ብቻ። የመጀመሪያው ጅብ ከፍየሎቹ አጥር ኋላ አያት።

«ማነህ አንተ! ማነህ!»

ውጭ፣ ከጎረቤት ግቢ፣ የብርጭቆ እጥበቱ ድምፅ ቆመ። «እንዴ!» አሉ እውነተኛዋ ወይዘሮ ወርቅውሃ። «ማነው?»

ሚልኪ ድምፁን ዘጋች። ጅቡ አፉን በዝምታ እየከፈተ ይጠባበቃል። እሷው ናት እንዲጠብቅ ያስተማረችው፤ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚጠጋ፣ ሁሉን ታውቃለች። ሆኖም ጅቦቹ ሁለት ጊዜ በሏት። ጣቶቿ ዘግይተውባታል። ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረች። መንገድ፣ ገበያ፣ አጥር። ከሐይቁ ዳር ስትደርስ ቆመች። እስራኤል የሐይቁን ውኃ የሳለው ስልኩ ላይ ባነሳው የአንድ በርሜል ውሃ ፎቶ ነው፤ ጠጋ ሲሉ የበርሜሉ ጠርዝ ይታያል። ጅቦቹ ወደ ውኃው አይገቡም። ይህን እሷ አልጻፈችውም። እሱ ነው የጨመረው፤ ሰው የሚያርፍበት ቦታ እንዲኖር። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ ወደራ በሚያወጣው መንገድ ሮጣ ከከተማው ወጣች።

ስክሪኑ ጠቆረ። ጽሑፍ መጣ።

ጌሙ የአማርኛ ፊደል አያውቅም። እስራኤል እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል፣ ነጥብ በነጥብ አድርጎ ነበር የሠራው። «ሚ» ትንሽ ጠማማ ናት።

«ጅቦቹ የሚልኪ ናቸው። ድምፁም፣ አእምሮአቸውም፣ ክፋታቸውም የእሷ ነው። እኔ መንገዱን ብቻ ነው የሳልኩት። ከተበላችሁ ክሱን ለእሷ፤ ካመለጣችሁ ግን ምስጋናውን ለሁለታችን። ሚልኪ እና እስራኤል፣ ነገሌ።»

አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ከዚያ ማሽኑን በሥርዓቱ አጠፋችው፣ ገመዱን ነቀለች፣ አንሶላውን መለሰች። የገዛ እጇ ሲንቀሳቀስ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስላት ነበር።

ወደ ግቢ ስትመለስ ወሬው ቀድሟታል። «ከኮምፒውተሩ ውስጥ ሰው ይጮሃል አሉ» ይላሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ። «ሴት ናት አሉ። ድምፅዋ ያስጠላል አሉ።»

ከቀትር በኋላ ማሽኑ በወደራ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሄደ። ሚልኪ ከበሩ ሆና አየችው፤ አልተከተለችውም። ወንዶቹ የድንኳኑን ምሰሶዎች ነቅለው ሲሸከሙ ሸራው መሬት ላይ ቀረ። ዶዮ ብቻውን ሊያጥፈው ይታገላል። ሦስቱንም ቀን ውሃ ሲቀዳ፣ ሰው ሲያመላልስ ነው የሰነበተው፤ ዐይኖቹ አብጠዋል። ሚልኪ ሄዳ ሌላውን ጫፍ ያዘች።

«ተይው፣ እኔ አለሁ» አላት።

«ለብቻ አይታጠፍም።» ሸራውን ወጠሩት። «ዶዮ፣ ሆቴሉ የሄዳችሁ ቀን ገጹ ላይ ስሙን የጻፈው ማነው?»

ዶዮ የሸራውን ጥግ ፈለገ፤ እጁ ውስጥ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ዋይፋዩ የሚይዘው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። እሱ ደረጃውን አየና "አንተ ውጣ" አለኝ። ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።»

«ስም ያለበት ጽሑፍ አልሰጠህም?»

«ሰጥቶኛል። ያንቺ ከላይ ነበር።»

«እና?»

«እና… ያንቺን አወጣሁት።»

የመጀመሪያውን እጥፋት አጠፉ። ሚልኪ ጠበቀች። ይህን ትችልበታለች።

«ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። «እናንተ ቤት። እናቴን ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ ስለ አንድ ሴት ሰምታ ሳታጣራ አታድርም። ጠመንጃና ደም ያለበት ነገር ላይ ስምሽን ብታይ… ላንቺው ብዬ ነው ሚልኪ።»

«እናትህ ኢንተርኔት ትከፍታለች?»

«አትከፍትም።»

«እንግሊዝኛስ ታነባለች?»

«ተይ እንጂ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ከዚህ በኋላ የምትለውን ሰምቶ ዶዮ ከነገሌ ይሰደድ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት።

«እስራኤል ያውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«ስሜ እንደሌለ።»

«ከየት ያውቃል? የሱ ስልክ ገጹን አይከፍትም። ስንት ሰው እንዳወረደው የምነግረው እኔ ነኝ።» ዶዮ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «ረቡዕ ለመርፌው ስወስደው መንገድ ላይ ስላንቺ አወራኝ። "ምን እንዳጠፋሁባት ፈልጌ አጣሁት" አለ። "ነገ ጠዋት ዝም ብዬ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፤ ጥፋቱን ከዚያ በኋላ ትነግረኛለች" አለኝ።»

ሸራው በሁለቱ መሐል ነፋስ ገብቶበት ተነፋ።

«አጥብቀህ ያዝ» አለችው ሚልኪ። ጫፏን ይዛ ወደ እሱ ሄደች፣ ጥጉን ከጥጉ ጋር አገናኝታ እጁ ላይ አስያዘችው፣ አጎንብሳ የታጠፈውን ጠርዝ አነሳችና ለሚቀጥለው እጥፋት ወደ ኋላ ተራመደች።